አሮጌ ቢኤምን ደብረ ብርሃን ላይ ማዳን፦ የተነቀለውን መልሶ መትከል

መኪናዋን ያገኘኋት ጫጫ ነው። ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ቆማ ነበር። ጣሪያዋ ላይ የገብስ ጭድ ተከምሯል። የኋላ ወንበሯ ላይ ዶሮ ዕንቁላል ታቅፋለች። የግቢው ባለቤት አዛውንት ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎኗን መታ መታ እያደረጉ፣ "ልጄ፣ እሷ አላረጀችም። ነካኪ ነው የበዛባት" አሉኝ። 2010 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው።

ያኔ የሻጭ ወሬ መስሎኝ ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ ግን እውነታቸውን እንደነበር ገባኝ። እሷ ላይ ከሠራሁት ሥራ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ያረጀ ዕቃ መቀየር አልነበረም። አንድ ሰው አንድ ቀን ቸኩሎ ነቅሎ የጣለውን መልሶ መትከል ነው። አሮጌ ቢኤም ላላችሁ፣ ወይም አንዱ ግቢ ውስጥ ቆማ አይታችሁ ልባችሁ ለተነካ፣ እኔ የሄድኩበትን መንገድ ልንገራችሁ።

የእኔዋ 316 ናት። የፋብሪካ መጠሪያዋ ኢ21 ነው። ቢኤምደብሊው ይህን ሞዴል ከ1975 እስከ 1983 እ.ኤ.አ. ሠርቶታል፤ የባለ 3 ቁጥሮቹ ሁሉ ታላቅ እሱ ነው። የእኔዋ የ1977 ስትሆን ፊቷ ላይ በግራና በቀኝ አንዳንድ ክብ መብራት ብቻ አላት። ሁለት ሁለት ያላት 320ዋ ናት። ሞተሯ ኤም10 ይባላል። አራት ሲሊንደር፣ 1573 ሲሲ፣ 90 የፈረስ ጉልበት። ብሎኩ (ሲሊንደሮቹን የያዘው አካል) ጊዛ ብረት፣ ቴስታታው (ከላይ የሚከድነው ራስ) አልሙኒየም ነው። የነደፈው አሌክስ ፎን ፋልከንሃውዘን ነው። ኔልሰን ፒኬ በ1983 እ.ኤ.አ. የፎርሙላ ዋን ሻምፒዮን ሲሆን ይነዳው የነበረው መኪና ቱርቦ ሞተርም ብሎኩ የተወሰደው ከዚሁ ከኤም10 ነው። ይህን ሳስብ ኮፈኗን በአክብሮት ነው የምከፍተው።

ቁልፍ ከማንሳታችሁ በፊት

ከመግዛታችሁ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር አሃዝ በአሃዝ አስተያዩ። በእነዚያ ዓመታት ቁጥሩ 7 አሃዝ ብቻ ነበር። አንድ አሃዝ ከተለየ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ከዚያ ከአሮጌ ድምፅ ማጉያ የተነቀለ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልሉና በበሮቹ ግርጌ፣ በፓራፋንጎዎቹ፣ በመብራቶቹ ዙሪያ አስጠጉ። ማግኔቱ ካልያዘ ከቀለሙ ሥር ያለው ብረት ሳይሆን ስቱኮ ነው።

ገዝታችሁ ቤት ካስገባችሁ በኋላ ለአንድ ሳምንት ምንም አትፍቱ። ደብተር ያዙ። ፎቶ አንሱ። እያንዳንዱን ነገር እያያችሁ "ይህን ያደረገው ፋብሪካው ነው ወይስ ሰው?" ብላችሁ ጠይቁ። የእኔ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ እንዲህ ይላል። ቴርሞስታት (የሞተሩን ውሃ ሙቀት የሚቆጣጠረው ዕቃ) የለም። የራዲያተሩ ክዳን የሌላ መኪና ነው። የአየር ፊልትሮው ቤት የለም፤ የካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) አፍ ላይ የሻይ ማጥለያ ታስሯል። ፊውዝ ባለበት ቦታ የሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ተጠቅልሏል። የፍሬን ዘይቱ ጥቁር ነው። ገጹ እስኪሞላ እንዲህ ይቀጥላል።

ለዓመታት የቆመ ሞተር ከሆነ በሞተሪኖ ለማስነሳት አትሞክሩ። ካንዴላዎቹን አውጡ። በየቀዳዳው ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሚሆን የሞተር ዘይት ጨምሩና ያሳድሩት። በማግስቱ በቁልፍ ይዛችሁ በእጅ ቀስ አድርጋችሁ አዙሩ። ከያዘ አታስገድዱት፤ ዘይት ጨምራችሁ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቁት። ሳልባትዮው ውስጥ የቀረውን አሮጌ ቤንዚን አውጡ። እንደ ቫርኒሽ ከሸተተ ለመኪና አይሆንም።

ከመሄድ መቆም ይቀድማል

ሁሉም ሰው ሞተር ለማስነሳት ይቸኩላል። እኔ ፍሬን አስቀደምኩ። ምክንያቴ የጣርማ በር ቁልቁለት ነው። ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ከ3,000 ሜትር በላይ ካለው ከጣሊያን ዋሻ አልፎ 1,280 ሜትር አካባቢ ወዳለው ቆላ ይገባል። መንገዱ ጥምዝምዝ ነው። ጭጋጉ አንዳንዴ የራስን ኮፈን ጫፍ እንኳ አያሳይም። እዚያ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ቢሟሟ የሚያድን የለም።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይመጥጣል። አዲስ ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። ውሃ ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ቱቦ ውስጥ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ ዶት 4 ሙሉ፣ በየሁለት ዓመቱ ቀይሩ። ዶት 3 ርካሽ ነው፤ ግን የመፍያ መጠኑ ያነሰ ስለሆነ ለዚህ ቁልቁለት አልመክርም።

አራቱን የጎማ ቱቦዎች ውጫቸው ደህና ቢመስልም ቀይሩ። ውስጣቸው አብጦ ዘይቱን ወደ ካሊፐር (ዲስኩን ቆንጥጦ ወደሚይዘው ዕቃ) ያሳልፍና አልመልስ ይላል። ያኔ አንዱ ጎማ ሁሌም እንደተያዘ ይሄዳል። የኋላው ፍሬን ታምቡር ነው፤ ሲሊንደሮቹ የሚያፈሱ ከሆነ ሁለቱንም አብራችሁ ቀይሩ። አየር ስታወጡ ከፔዳሉ ከሚርቀው ጀምሩ። ቀኝ ኋላ፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ፊት።

ቴርሞስታቱን ማን ነቀለው?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በእኛ አገር በጣም ብዙ አሮጌ ቢኤሞችን የገደለው ይህ ይመስለኛል።

መኪና ሲፈላ ብዙ መካኒክ መጀመሪያ የሚያደርገው ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል ነው። "እኛ አገር አያስፈልግም፣ እሱ ለፈረንጅ ብርድ ነው" ይባላል። አንደኛ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ የለም የሚል ሰው ኅዳር ላይ በጠዋት ወጥቶ መስታወቱ ላይ የተጋገረውን ውርጭ ይፋቅ። ሁለተኛውና ዋናው ግን የኤም10 ውሃ አዟዟር ነው።

በብዙ መኪኖች ላይ ቴርሞስታት ሲወጣ ውሃው ያለ ከልካይ ወደ ራዲያተር ይሄዳል። ሞተሩ ይበርዳል እንጂ አይፈላም። የኤም10 ቴርሞስታት ግን ሦስት አፍ ያለው፣ በቱቦዎች መካከል የተንጠለጠለ ዕቃ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ውሃውን ራዲያተር ሳያስገባ በአቋራጭ ይመልሰዋል። ሲሞቅ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ የራዲያተሩን መንገድ ይከፍታል፣ አቋራጩን ይዘጋል። ነቅላችሁ ባዶ ቱቦ ስታስገቡ አቋራጩን የሚዘጋው የለም። ውሃ ደግሞ የሚቀለውን መንገድ ነው የሚመርጠው። ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ትኩስ እንደሆነ ወደ ሞተሩ ይመለሳል።

የእኔዋ ላይ ያየሁት ይህንኑ ነው። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ መርፌዋ ከታች አትነሳም። ሞተሩ ስለማይሞቅ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ ቤንዚን ይገባል። ከሮቢት ወደ ደብረ ሲና ሽቅብ ስትወጣ ግን ቀይ ትነካለች። አንዲት መኪና በርዳም ፈልታም ታማለች ማለት ነው። የሁለቱም መድኃኒት አንድ ቴርሞስታት ነበር።

አዲሱን ከመግጠማችሁ በፊት ድስት ውስጥ ውሃ ጥዳችሁ ፈትሹት። ላዩ ላይ 80 ዲግሪ ከተጻፈ እዚያ አካባቢ መከፈት መጀመር አለበት። ቴርሞሜትር ተጠቀሙ፤ "ውሃው ሲንፈቀፈቅ 100 ነው" ብላችሁ አትገምቱ። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ነች። እዚህ ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ንፍሮ ለምን እንደሚዘገይ እናቶቻችን ያውቁታል።

ከዚህ የሚቀጥለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ትንሽ ዕቃ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም። ሞተራችሁ ከ80 በላይ ነው የሚሠራው፤ ክፍት ውሃ ደግሞ እዚህ በ90 ይፈላል። ልዩነቱ አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። 1 ባር የሚይዝ ደህና ክዳን ስትገጥሙ የመፍያው መጠን ወደ 115 አካባቢ ይወጣል። የክዳኑ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም ሞላው ከላላ ይህን ሁሉ ታጣላችሁ። ባሕር ዳርቻ ላይ ለሚነዳ ሰው የላላ ክዳን ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን ቴስታታ ያጣምማል።

ውሃውም ቢሆን ተራ የቧንቧ ውሃ ብቻ አይሁን። ጊዛና አልሙኒየም አንድ ውሃ ሲጋሩ አልሙኒየሙ ይበላል። ዲስቲልድ ውሃና አንቲፍሪዝ ግማሽ በግማሽ ቀላቅሉ። ስትሞሉ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ዳገት አቁሙ፣ የማሞቂያውን መቆጣጠሪያ ወደ ሙቅ ክፈቱ፣ አረፋው እስኪያልቅ ቀስ ብላችሁ ሙሉ።

መጽሐፉ የተጻፈው ለሙኒክ ነው

የፋብሪካው መጽሐፍ ልክ ነው። ነገር ግን የተጻፈው አየሩ ወፍራም ለሆነበት አገር ነው። እኛ ጋ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው ወደ 72 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ይህን ሳያስቡ የሚወስዱት ልኬት ያሳስታል።

በመጀመሪያው ዓመት አንድ ጋራዥ ወስጄ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ አየር የሚጨምቁበትን ግፊት) አስለካሁ። አራቱም ሲሊንደር ከ7.5 እስከ 8 ባር አሳየ። "ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት" ተባልኩ። ፋሻ የሚሉት የፒስተኑን ቀለበት ነው። ዋጋም ተነገረኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ተነስቼ ሒሳቡን ሠራሁት። መጽሐፉ ከ10 እስከ 11 ባር የሚለው ባሕር ወለል ላይ ነው። የዚያ 72 በመቶ ከ7 ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ጀምሮ እስከ 8 ነው። ሞተሬ ጤነኛ ነበር! ሳይወርድ እስከ ዛሬ ይሠራል።

እዚህ ከፍታ ላይ ቁጥሩን ሳይሆን እኩልነቱን እዩ። ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ጋዙ እስከ ወለል ተረግጦ ይለካ። በአራቱ መካከል ከ1 ባር በላይ ልዩነት ካለ ያኔ አስቡ። ከዝቅተኛው ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ድጋሚ ለኩ። ከፍ ካለ ፋሻ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቮላ (አየር የሚያስገባውና ጭስ የሚያስወጣው በር) ነው።

ቫልቮላ ማስተካከል በዚህ ሞተር ላይ ደስ የሚል ሥራ ነው። ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ፣ እኔ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ነው የምሠራው፣ ክፍተቱ ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። የሮከሩ (ቫልቮላውን የሚጫነው ክንድ) ጫፍ ላይ ቀዳዳ ያላት ክብ ነገር አለች። በ10 ቁልፍ ነትዋን አላሉና በቀዳዳዋ ቀጭን ጠንካራ ሽቦ አስገብታችሁ ታዞሯታላችሁ። ለዚህ የብስክሌት ራጂ የመሰለ መሣሪያ የለም። ጫፉን ትንሽ ቆልምሙት። ቅደም ተከተሉ እሳት በሚነሳበት 1፣ 3፣ 4፣ 2 ይሁን። የ4ኛው ሁለት ቫልቮላዎች አንዱ ሲዘጋ ሌላው ሲከፈት ስታዩ 1ኛውን አስተካክሉ። በ2ኛው 3ኛውን፣ በ1ኛው 4ኛውን፣ በ3ኛው 2ኛውን።

ክዳኑ ተከፍቶ ሳለ አንድ ነገር ሳታዩ እንዳትዘጉት። ከካምሻፍቱ (ሮከሮቹን ከሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) በላይ ዘይት የሚረጭ ቀጭን ቱቦ አለ። የሚይዘው ቡሎን የመላላት ጠባይ አለው። ከላላ ዘይቱ በዚያው ይፈስና ካምሻፍቱ ይደርቃል። የመዳብ ማኅተሞቹን አዲስ አድርጋችሁ እሰሩት። በኃይል ግን አይደለም፤ ቡሎኑ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ይበጠሳል።

አሁን ካርቡራተሩ። የእኔዋ ባለ ሁለት ጉሮሮ ሶሌክስ ነው። ቀጭን አየር ላይ ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው ልክ አይቀንስም። ምልክቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ካንዴላ፣ ጋራዡን የሚሞላ የቤንዚን ሽታ። ጂግለሮቹ (ቤንዚኑን መጥነው የሚያሳልፉት ትንንሽ ቀዳዳ ያላቸው ዕቃዎች) ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳቸው ስፋት ነው፤ 120 ማለት 1.20 ሚሊ ሜትር ነው። ለደብረ ብርሃን ብቻ ቢሆን 120ውን ወደ 112.5 ማውረድ ይቻላል። እኔ ግን 115 ላይ ቆምኩ። ሮቢት ስወርድ አየሩ ይወፍራል፤ ደጋ ላይ የተመጠነ ጂግለር ቆላ ላይ ቤንዚን ያሳጥራል። ቤንዚን ያጠረው ሞተር ይግላል፣ ቫልቮላ ያቃጥላል። ትንሽ ቢበዛ ይሻላል።

ጂግለር በሽቦ አትጎርጉሩ። በቤንዚን እጠቡትና በአየር ንፉት። የእኔ ካርቡራተር ውስጥ የነበሩት ሁለቱም በሽቦ ተጎርጉረው እንቁላል መስለው ነበር። የአየር ፊልትሮውንም ቤት ፈልጋችሁ መልሱ። በሻይ ማጥለያ የገባ የመንገድ አቧራ ፋሻና ሲሊንደር እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል።

ፑንቲናው (የካንዴላውን እሳት የሚቆራርጠው) 0.4፣ ካንዴላው ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይከፈት። አየሩ ስስ ስለሆነ እሳቱን ከመጽሐፉ ሁለት ሦስት ዲግሪ ማስቀደም ይጠቅማል። ዳገት ላይ ሞተሩ እንደ ጠጠር ከተንኳኳ ግን ወዲያው መልሱት። ከዚህ ሁሉ በኋላ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ካንዴላ አውጡ። ጫፉ የማኪያቶ ቀለም ካለው ደርሳችኋል። ጥቁር ከሆነ ቤንዚን ይበዛል፣ ነጭ ከሆነ ያንሳል።

ጉልበት ግን አትጠብቁ። እነዚያ 90 ፈረሶች እዚህ ከ70 አይበልጡም። ይህ የአየሩ ሕግ ነውና የሞተሩ ጥፋት አይደለም።

ቡናማው ሽቦ

በሙያዬ የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። የመኪናዋን ሽቦ መጀመሪያ ሳየው ያዘንኩትን ያህል በምንም አላዘንኩም።

የጀርመን መኪና ላይ መሬት፣ ማለትም ኔጌቲቭ፣ ቡናማ ሽቦ ነው። እዚህ አብዛኛው የመኪና ኤሌክትሪሺያን እጁ የለመደው የጃፓን መኪና ነው፤ እዚያ ጥቁር ሽቦ ብዙ ጊዜ መሬት ነው። በዚህ ልማድ ጥቁሩን ከቦዲ ጋር ያሰረ ሰው ፊውዝ ያቃጥላል። ፊውዙ ሲቃጠልበት ብልጭልጭ ወረቀት ይጠቀልላል። ከዚያ ሽቦው ራሱ ይቃጠላል። የእኔዋ ዳሽቦርድ ሥር አንድ ክንድ የሚያህል ሽቦ ቀልጦ እርስ በእርሱ ተጣብቆ አገኘሁ።

ፊውዞቹ ጥይት የሚመስሉ ናቸው። ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16 ነው። ጠፋ ብላችሁ በሌላ ነገር አትተኩ። ሁልጊዜ አምስት ስድስት በመኪናው ውስጥ ያዙ። አንድ መብራት እምቢ ሲል ደግሞ ፊውዙን በጣታችሁ ይዛችሁ ቦታው ላይ አሽከርክሩት። ጫፉና መያዣው መካከል ዝገት ስለሚይዝ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ብቻ ነው። ከክረምት በኋላ ሁሉንም አውጥቼ መያዣዎቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አጸዳለሁ። ከባትሪ ወደ ቦዲ፣ ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄዱትን ወፍራም ሽቦዎችም ፈትታችሁ ብረቱ እስኪያበራ ፍቁ። ጠዋት በውርጭ ሞተሪኖው ሲያቃስት ባትሪ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።

ዝገት፣ ስቱኮና ሰም

አውሮፓ ውስጥ እነዚህን መኪኖች የሚበላው ክረምት ላይ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ነው። እኛ ጋ ጨው የለም። የእኛ ጠላት ገብቶ የማይወጣ ውሃ ነው። ኢ21 ላይ ቀድመው የሚሄዱት ቦታዎች የታወቁ ናቸው። የፊት ሞላዎቹ የሚቀመጡበት ማማ፣ የባትሪው መደብ፣ የበሮቹ ግርጌ፣ ከበሩ ሥር ያለው ደፍ፣ ክሪክ የሚገባበት ቦታ፣ የትርፍ ጎማው ጎድጓዳ።

የእኔዋ ላይ ጥፋቱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነበር። ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው መተንፈሻ ገብቶ፣ በስብሶ፣ የውሃ መውጫዎቹን ደፍኗል። ሰኔ ላይ የገባው ውሃ እስከ መስከረም እዚያው ተኝቷል። ስለዚህ ግንቦት መጨረሻ ላይ የሁሉንም በሮችና የዚያን ቦታ ቀዳዳዎች በቀጭን ሽቦ ክፈቱ። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው።

የበላውን ብረት ቆርጣችሁ አውጡ። በስቱኮ መሸፈን ዝገቱን ከዓይን መደበቅ ነው፤ ሥር ሥሩን መብላቱን ይቀጥላል። አዲስ ላሜራ በሲኦቱ ብየዳ፣ ነጥብ በነጥብ፣ እያቀዘቀዛችሁ አስበይዱ፤ በአንዴ ከተጎተተ ይጣመማል። ከመበየዱ በፊት ባትሪውን ፍቱ። ከኋላ በኩል ከሆነ ሳልባትዮው ወርዶ ከቦታው ይራቅ። ከዚያ ጸረ ዝገት፣ ከዚያ ስስ ስቱኮ፣ ከዚያ ቀለም። ቀለም የመጨረሻው ይሁን! ሞተርና ፍሬን ሳይጨርሱ ቀለም የቀቡ ሰዎች ቀለሙን በቁልፍ ሲጭሩ አይቻለሁ። ቀለሙን ልትቀይሩት ካሰባችሁ ደግሞ ሊብሬው ላይ ስለሚጻፍ መጀመሪያ መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ጠይቁ።

የደፉንና የበሮቹን ውስጥ ለመጠበቅ የንብ ሰም እጠቀማለሁ። ሰሙን በሌላ የፈላ ውሃ ድስት ላይ በተቀመጠ ጣሳ አቀልጠዋለሁ፤ ቀጥታ እሳት ላይ ፈጽሞ አታድርጉት። በንጹሕ የሞተር ዘይት አቅጥኜ ትኩስ እያለ በቀዳዳዎቹ እነፋዋለሁ። ሲቀዘቅዝ እንደ ቆዳ ይለጠፋል። ሽታው እስከ ሳምንት መኪናውን የጧፍ ቤት ያስመስለዋል፤ እኔ እወደዋለሁ።

ዕቃ

የቢኤም ዕቃ ቁጥር 11 አሃዝ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ክፍሉን ይናገራሉ። 11 ሞተር፣ 13 ነዳጅ፣ 17 ማቀዝቀዣ፣ 34 ፍሬን። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ "የቢኤም ቴርሞስታት" አትበሉ። ቁጥሩን ጻፉ፣ አሮጌውንም ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ። ኤም10 ሌሎች ቢኤሞች ላይም ስለገባ የውሃ ፓምፕና የቴስታታ ጓርኒሲዮን የመሳሰሉት ይገኛሉ፤ ግን የሲሊንደሩን ስፋት አረጋግጡ፤ የ1573ቱ 84 ሚሊ ሜትር ነው። የካርቡራተር ጥገና ዕቃና የበር ጎማ ግን ከውጭ ዘመድ ሲመጣ በሻንጣ ነው የሚገባው። ጎማዋ ባለ 13 ኢንች ስለሆነ የቶዮታ ዲኤክስ ጎማ ከሚሸጥበት ቤት ይገኛል። ቸርኬው ግን አይገጥምም፤ የቡሎኖቹ ርቀት ይለያያል።

ወደ ሮቢት ስትወርዱ

ዘይት በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ከፊልትሮው ጋር 4 ሊትር ከሩብ። እኔ 20 ደብሊዩ 50 ነው የምጠቀመው። ቫልቮላ በየ10,000። ከካርዳኑ (የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማዎች ከሚወስደው ዘንግ) ጫፍ ያለውን ወፍራም ጎማ በየስድስት ወሩ ሥሯ ገብታችሁ እዩት፤ ቡሎኖቹ ዙሪያ ከተሰነጠቀ አትጠብቁ። አዲሱን ስትገጥሙ ቡሎኑን ይዛችሁ ነቱን ብቻ አጥብቁ፤ ቡሎኑ ራሱ ከዞረ ጎማውን ይጠመዝዘዋል።

ክረምት ላይ ስለ አነዳዷ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ኢ21 እርጥብ ኩርባ ላይ ጋዝ በድንገት ሲለቀቅ ኋላዋ ይወጣል። ፍጥነታችሁን ከኩርባው በፊት ጨርሱ። ኩርባው ውስጥ እግራችሁ ጋዙ ላይ ለስለስ ብሎ ይቆይ።

ከዋሻው ወጥታችሁ ቁልቁለቱን ስትጀምሩ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ሞተሩ ይያዛት። ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡና ልቀቁ፤ እግራችሁን ላዩ ላይ አታሳድሩ። ደብረ ሲና ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ቆሎ እገዛለሁ። ከዚያ መዳፌን ወደ ፊቶቹ ቸርኬዎች አስጠጋለሁ፤ አልነካቸውም፣ አስጠጋለሁ ብቻ። ሁለቱ እኩል ከሞቁ ደህና ነው። አንዱ ብቻ ከጋለ ያ ካሊፐር እየያዘ ነው ማለት ነውና ሳይጠገን ወደ ሮቢት አይወረድም። ስመለስ ሽቅብ ላይ ዓይኔ ከሙቀት መርፌዋ አይነቀልም። ቴርሞስታቱ ከተመለሰ ወዲህ መሐል ላይ ነች፤ ዋሻው ድረስ አትነቃነቅም።